ቁልፉ ከቦታው ሲጠፋ፦ የአንድ የጅማ ቁጠባና ብድር ማኅበር የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የገጠመው ጅማ መርካቶ አካባቢ ቢሮ ያለውን አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የማኅበሩንም ሆነ ሶፍትዌሩን የሸጠለትን ድርጅት ስም እዚህ አላነሣም። አባላቱ በርበሬና ቅመም፣ ጨርቅና ጫማ የሚሸጡ ነጋዴዎች፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ጡረታ የወጡ መምህራን፣ የመንግሥት ሠራተኞች እና ከከተማው ዙሪያ የሚመጡ ቡና አምራቾች ናቸው። አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ ያወራል፤ ብዙው ሰው ደግሞ እንደ ጅማ ልማድ ሁለቱን እያቀላቀለ ይጨዋወታል።

ሥራው ድሮ በደብተር ነበር። አባሉ የቁጠባ ደብተሩን ይዞ ይመጣል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ገንዘቡን ቆጥራ ትጽፋለች፣ ትፈርማለች፣ ማኅተም ትመታለች። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ወረፋው ከበሩ አልፎ መንገድ ላይ ይወጣ ነበር። ቦርዱ ይህን ለማቃለል ሁለት ታብሌቶች ያሉት ሥርዓት ገዛ። አባሉ የምስጢር ቁጥሩን አስገብቶ የሚያስቀምጠውን መጠን ራሱ ይመዘግባል፤ ጥሬ ገንዘቡን በመስኮት ይሰጣል፤ ሠራተኛዋ ቆጥራ ታጸድቃለች፤ ማረጋገጫው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ስልኩ ላይ ይደርሰዋል።

ቦርዱ ነገሩን እንድመረምርለት የጠየቀኝ ወረፋው ያጥራል ሲባል ስለረዘመ ነው። ሌላም የባሰ ነገር ነበር። አባላቱ ታብሌቱን ወደ ሠራተኛዋ እየገፉ «አንቺው ንኪልኝ» ማለት ጀምረዋል፤ የምስጢር ቁጥራቸውንም ሰው በተሰለፈበት ጮክ ብለው ይነግሯታል። ምስጢር የሚባለው ነገር በአንድ ሐሙስ ውስጥ የአደባባይ ወሬ ይሆናል።

ሥርዓቱ ሰውን እንዴት ይመድብ ነበር

ሻጩ ምርቱን ያስተዋወቀው «ለእያንዳንዱ ሰው አስተሳሰብና ስሜት ራሱን የሚያስማማ» እያለ ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ እኔም ከልቤ የምደግፈው ሐሳብ ነው። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አያስብም፤ አንድ ወጥ ገጽ ለሁሉም ይበቃል ማለት ብዙዎችን ደጅ ማስቀረት ነው። ጥያቄው የሚስማማው ለምንድን ነው፣ የሚስማማውስ በማን ውሳኔ ነው የሚለው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ መጠይቅ ነበር። አባሉ ሲመዘገብ አጫጭር ጥያቄዎች ይቀርቡለታል፤ ከመልሱ ተነሥቶ ሥርዓቱ «በሥዕል የሚያስብ» ወይም «በቃላት የሚያስብ» ብሎ ይመድበዋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ «አዲስ ከተማ ሲገቡ ካርታ ያያሉ ወይስ ሰው ይጠይቃሉ?» ይላል። ይህን ጅማ ላይ ለማንም ቢያቀርቡት መልሱ አንድ ነው። እኛ አቅጣጫ የምንነጋገረው በመስጊዱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በአጂፕ፣ በፈረንጅ አራዳ፣ በአዌቱ ድልድይ ነው። አባላቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም «ሰው እጠይቃለሁ» አሉ። ሥርዓቱም በቃላት የሚያስቡ ናቸው ብሎ ሥዕሎቹን አነሣና በጽሑፍ የተሞላውን ገጽ ሰጣቸው። ከእነዚህ መካከል ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ነበሩ።

ሁለተኛው ዘዴ ሜኑውን እንደ አጠቃቀሙ ማሸጋሸግ ነው። ሰውየው ሰሞኑን አዘውትሮ የነካው ነገር ወደ ላይ ይወጣል፣ ያልነካው ይወርዳል። ሦስተኛው ስሜትን መገመት ነው። ጣት ከስክሪኑ ጥቂት ሰከንድ ከራቀ ወይም አንድ ቦታ ከተደጋገመ ሥርዓቱ «ግራ ተጋብቷል» ብሎ የእርዳታ መስኮት ይከፍታል። ቀጣዩ ምዕራፍ ደግሞ የታብሌቱን የፊት ካሜራ አብርቶ ከገጽታ ስሜት ማንበብ ነበር፤ ለዚህ ማኅበሩ ተጨማሪ ክፍያ ተጠይቋል።

አንድ ሐሙስ ረፋድ

በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ጽሑፍ አያነቡም፤ ሒሳብ ላይ ግን የሚያሸንፋቸው የለም። ታብሌቱን ሲጠቀሙ ያየሁትን እንዳለ ላስቀምጥ።

የምስጢር ቁጥራቸውን በግራ መዳፋቸው ከልለው አስገቡ። ከዚያ ከላይ ሁለተኛውን ቁልፍ ነኩ፤ «ማስቀመጥ» እዚያ ጋ እንደሆነ ያውቃሉ። ባለፈው ጊዜ ግን የብድራቸውን ቀሪ ደጋግመው አይተው ስለነበር ሥርዓቱ «ብድር»ን አውጥቶ «ማስቀመጥ»ን አውርዶታል። የተከፈተላቸው የብድር ማመልከቻ ነው። ሁለቱም ገጾች መጠን የሚጻፍበት ሣጥን ስላላቸው ልዩነቱ አልታያቸውም፤ 1,200 ብለው ጻፉ። እዚህ ላይ እጃቸውን አነሡና ዝም አሉ። መቀነታቸውን ፈትተው ብሩን እየቆጠሩ ነበር። ሥርዓቱ ዝምታውን ግራ መጋባት ብሎ አነበበው። «እንርዳዎት?» የሚል መስኮት ብቅ ብሎ የጻፉትን ቁጥር ሸፈነ፤ «አዎ» የሚለው ቁልፍ ደግሞ ልክ «ቀጥል» በነበረበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። ቆጥረው ሲጨርሱ ያንኑ ቦታ ነኩ። ድምፅ ማጉያው «የብድር ማመልከቻ ለመሙላት…» እያለ መጮኽ ጀመረ። ወረፋው በሙሉ ዞሮ አየ።

«ኧረ እኔ ብድር አልጠየቅሁም!» አሉ። የተናገሩት ለሠራተኛዋ አይደለም፤ ከኋላቸው ለቆሙት ነው። ከዚያም ታብሌቱን ገፋ አድርገው «አንቺው ንኪልኝ፣ ልጄ» አሏት፤ ቁጥራቸውንም ነገሯት።

በኋላ ቁጭ ብለን ስናወራ «ገበያ ስመጣ ቦታዬን ሌላ ሰው ይዞት እንደማገኘው ነው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ምርመራ እኔ ልጽፍ አልችልም። ለማያነብ ሰው የቁልፉ ቦታ ራሱ ጽሑፉ ነው፤ ቦታውን ያዛወረ ጽሑፉን ደምስሶበታል። የሚያነብም ሰው ቢሆን አንዴ ከለመደ በኋላ የሚሄደው በእጁ ትዝታ ነው።

ይህ ጅማ ላይ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። ማይክሮሶፍት በኦፊስ 2000 ላይ እምብዛም የማይነኩ ትእዛዞችን የሚደብቅ፣ እንደ አጠቃቀም የሚለዋወጥ ሜኑ አስገብቶ ነበር፤ በኦፊስ 2007 ሜኑዎቹን በሌላ አቀማመጥ ሲተካ ይህም አብሮ ቀረ። ከኦፊስ 97 ጀምሮ ብቅ እያለ «ደብዳቤ የሚጽፉ ይመስላል» የሚለው የወረቀት መያዣ ሥዕልም እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው እትም ላይ ተጠቃሚው ካልጠራው በቀር እንዳይመጣ ተደረገ፤ በኦፊስ 2007 ጨርሶ ተነሣ። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሊያ ፊንድሌተርና ጆአና ማክግሬኔር እ.ኤ.አ. በ2004 ሦስት ዓይነት ሜኑ አወዳድረው ነበር፦ የማይንቀሳቀስ፣ ራሱ የሚለዋወጥ፣ ተጠቃሚው የሚያስተካክለው። የማይንቀሳቀሰው ራሱን ከሚለዋውጠው ይልቅ ፈጣን ሆኖ ተገኘ። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች የወደዱት ደግሞ በራሳቸው እጅ የሚያስተካክሉትን ነው። ይህ ሁሉ የታወቀው ማኅበሩ ታብሌት ከመግዛቱ ብዙ ዓመታት በፊት ነው።

ልዩነቱ የት ነው ያለው

እንዲህ ስል የአስተሳሰብ ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። በዚያው ቢሮ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ። አንዲት ቁልፍ ከመንካታቸው በፊት ገጹን ከላይ እስከ ታች ማየት ይፈልጋሉ፦ ስንት ጥያቄ አለ፣ መጨረሻው የት ነው፣ ፊርማው በየት በኩል ነው። ሥርዓቱ አንድ አንድ ጥያቄ እያወጣ ሲያቀርብላቸው «የሚቀጥለውን ሳላይ ይሄን እንዴት ልመልስ?» እያሉ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። አጠገባቸው የሚቆመው የባጃጅ ሾፌር በተቃራኒው ነው። ሙሉውን ገጽ ሲያይ ይሰለቻል፤ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ቶሎ ወደ ሥራው። ፍጥነቱ ግን ዋጋ ያስከፍለዋል፤ 300 የነበረው 3,000 የሚሆነው በእርሱ እጅ ነው።

ሳይኮሎጂ ይህን ልዩነት ሲያጠና ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሜሪካዊው ኸርማን ዊትኪን እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሰውን ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ የሚያበራ ያዘመመ ክፈፍ ያሳየው ነበር፤ በክፈፉ መካከል አንድ ዘንግ አለ፤ ሰውየው ዘንጉን ቀጥ አድርጎ እንዲያቆም ይታዘዛል። አንዳንዱ በገዛ አካሉ ተማምኖ ቀጥ ያደርገዋል፤ ሌላው ከክፈፉ ጋር አብሮ ያዘማል። ከዚህ ተነሥቶ ዊትኪን አንዳንዱ ሰው ነገሩን ከአካባቢው ለይቶ፣ አንዳንዱ ከአካባቢው ጋር አያይዞ እንደሚያይ ጻፈ። መምህሩና ሾፌሩ ላይ ያየሁት ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

ችግሩ ከልዩነቱ ተነሥቶ ሰውን በቋሚነት መፈረጅ ላይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 በትምህርት ዘርፍ «ይህ በዓይኑ፣ ያ በጆሮው ነው የሚማር» የሚለውን አስተሳሰብ መርምረው ነበር። ሰው ምርጫ እንዳለው አልካዱም። ተማሪውን በዓይነቱ መድቦ በዚያ ብቻ ማስተማር የተሻለ ውጤት ያመጣል ለሚለው ግን በቂ ማስረጃ እንደሌለ ደመደሙ። የማኅበሩ መጠይቅ የተሠራው በዚሁ ባልተረጋገጠ መሠረት ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ግን መምህሩ ናቸው። ገንዘብ ሲያስቀምጡ ሙሉውን ገጽ የሚፈልጉት እኒሁ ሰው ለቤተሰብ ሕክምና አስቸኳይ ብድር ለመጠየቅ ሲመጡ ያንን ሙሉ ገጽ አይተው ደነገጡ። ዋስ፣ ማስያዣ፣ የመክፈያ ጊዜ፣ የወለድ ስሌት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊታቸው ተደረደረ። መነጽራቸውን አውልቀው «እስቲ አንድ በአንድ ንገሪኝ፣ ልጄ» አሏት ሠራተኛዋን። ሰውየው ያው ናቸው፤ ቀኑ ነው የተለወጠው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት እዚህ ላይ ይረዳናል። አናንዲ ማኒ፣ ሰንዲል ሙላይናታን፣ ኤልዳር ሻፊርና ጂያይንግ ዣኦ በህንድ ታሚል ናዱ ግዛት የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊትና ከምርት በኋላ አንድ ዓይነት የአእምሮ ፈተና ሰጧቸው። ገንዘብ በሚያጥርበት በቅድመ ምርት ወቅት ያው ሰው ያስመዘገበው ውጤት ዝቅ ያለ ነበር። አጥኚዎቹ ያሉት የገንዘብ ሐሳብ ራሱ የማሰቢያ ቦታ ይይዛል ነው። ጅማን ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እሸት ቡና ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፤ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ፣ ክረምቱ፣ የመስከረም የትምህርት ቤት ወጪ፣ እጅ የሚያጥርበት ነው። ቡና አምራቹ በነሐሴ ሲመዘገብ የሞላው መጠይቅ ታኅሣሥ ላይ ቡናውን ሸጦ ሲመጣ የማያውቀውን ሰው ይገልጻል። ሥርዓቱ ግን በነሐሴው መልስ ዓመቱን ሙሉ ያስተናግደዋል።

ስሜቱን የፈጠረው ማን ነው

ስለ ስሜት ስንነጋገር ሻጩ የሚያስበው ሰውየው ከቤቱ ይዞት ስለሚመጣው ስሜት ነው። እኔ ቢሮው ውስጥ ያየሁት ፍርሃትና ኀፍረት አብዛኛው እዚያው ታብሌቱ ላይ የተፈጠረ ነው።

አንዱን ምሳሌ ልዘርዝር። አንድ ጫማ ሻጭ ጥር ላይ ስለ ብድር ክፍያው መልእክት ደረሰው። መልእክቱ «የመክፈያ ቀን 05/03» ይላል። እርሱ ያነበበው ኅዳር 5 ብሎ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሦስተኛው ወር ኅዳር ነውና። ሁለት ወር አሳልፌያለሁ፣ ቅጣት ተቆልሎብኛል፣ ዋሶቼ ተጠርተዋል ብሎ ሱቁን ዘግቶ እየሮጠ መጣ። ሥርዓቱ ሊል የፈለገው በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 5፣ ማለትም የካቲት 26 ነው። ገና ጊዜ ነበረው። ታብሌቱን ሲከፍት እጁ እየተንቀጠቀጠ አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ ነካው፤ ሥርዓቱም ይህን «መበሳጨት» ብሎ መዝግቦ ደማቅ ቀለሞቹን አደብዝዞ፣ ለስለስ ያለ ሰላምታ አወጣለት። ሰውየው የሚፈልገው የወሩን ስም ነበር። «የካቲት» የምትል አንዲት ቃል ከዚያ ሁሉ የቀለም ማስታገሻ በላይ ታረጋጋው ነበር።

ሁለተኛው ኀፍረት ነው። መግቢያው ገጽ ላይ አባሉ ካለፈው ጊዜ ያነሰ ሲያስቀምጥ ወደ ታች የሚያመለክት ቀይ ቀስት ይወጣ ነበር። ሠሪዎቹ ለማበረታታት አስበው ይሆናል። በዚያች ትንሽ ቢሮ ግን ስክሪኑ ወደ ወረፋው የዞረ ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ 200 ታስቀምጥ የነበረችው 50 ይዛ ስትመጣ ቀዩ ቀስት ከኋላዋ ላሉት ሁሉ ጎደሎዋን አወጀባት። የሒሳብ ሠራተኛዋ እንደነገረችኝ አንዳንዶቹ በዚያ ምክንያት ሳምንቱን ጨርሰው መቅረት ጀምረው ነበር፤ ትንሽ ይዞ ከመታየት አለመምጣት ይሻላል ብለው። ለቁጠባ ማኅበር ከዚህ የከፋ ጉዳት የለም። ማኅበሩ የቆመው እኮ 50 ብር ይዛ ለመጣችው ነው።

የካሜራው ጉዳይ ቦርዱን ለሁለት ከፍሎት ነበር። ዘመናዊ መሆን ነው ያሉ ነበሩ። ኮምፒውተር የሰውን ስሜት ይወቅ የሚለው የምርምር ዘርፍ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በሮዛሊንድ ፒካርድ ሥራ ቅርጽ የያዘ ከባድ ዘርፍ ነው፤ በጥቅሉ የሚናቅ አይደለም። ከፊት ገጽታ ብቻ ስሜትን ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊሳ ፌልድማን ባሬትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 የቀደሙትን ጥናቶች መርምረው የፊት እንቅስቃሴ በራሱ የውስጥ ስሜትን አስተማማኝ አድርጎ እንደማይናገር ጻፉ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2022 ከፊት ስሜት የሚገምተውን አገልግሎቱን እንደሚያነሣ አስታወቀ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ለሕክምናና ለደኅንነት ካልሆነ በቀር በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት ስሜትን በእንዲህ ዓይነት ዘዴ መገመትን ከልክሏል። በእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ ለመሰብሰብ ግልጽ ዓላማና ሕጋዊ መሠረት ይጠይቃል። ለቦርዱ ይህን ሁሉ አቀረብኩ። ክርክሩን የቋጩት ግን አንድ አዛውንት ሐጂ ናቸው፦ «ልጄ፣ ለቅሶ ቤት አድሬ የመጣሁ ቀን ይሄ ዕቃ ምን ሊለኝ ነው? ብድር ፈርቶ ነው ሊል ነው?» አሉ። ኒቃብ ለብሰው የሚመጡትን እህቶች ደግሞ ካሜራው ከናካቴው አያያቸውም። ቦርዱ ካሜራውን አልፈልግም አለ።

የተለወጠው

ከሻጩ ድርጅት የመጣው ወጣት መሐንዲስ መጀመሪያ ተከፋ። «ማስማማቱን ካወጣነው የሸጥንላችሁ ምኑን ነው?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ መልሱም ማስማማቱን አውጡት የሚል አልነበረም። አባሉ ራሱ የሚያስማማው ይሁን ነው ያልነው። ሐሙስ ሙሉ ቀን ከሠራተኛዋ ጎን ቁጭ ብሎ ዋለ፤ ማታ ላይ ሲሄድ የሚለውጣቸውን ነገሮች በራሱ ማስታወሻ ይዞ ነበር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ማኅበረሰቡ ውስጥ እያሰማራ በማስተማር የታወቀ ነው፤ ሶፍትዌር የሚማሩ ልጆች እንዲህ ያለ ቢሮ ውስጥ አንድ የገበያ ቀን ቢውሉ ምንኛ በጠቀማቸው እያልኩ አስብ ነበር።

መጠይቁ ቀረ፣ ሜኑውም መሸጋሸጉን አቆመ። «ማስቀመጥ» ከላይ በስተቀኝ ነው፤ ዓመትም ቢቆይ እዚያው ነው። ቀለሙና ሥዕሉም የራሱ ነው፤ ብድር ቡናማ፣ ማስቀመጥ አረንጓዴ፣ እናም አንዱን ከሌላው ጋር ማምታታት አይቻልም። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ሁለት ምርጫዎች ተቀመጡ፦ «አንድ በአንድ» እና «ሁሉንም አሳየኝ»። አባሉ በፈለገ ጊዜ፣ ሥራው መሀል ላይም ቢሆን፣ የጻፈው ሳይጠፋ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሥርዓቱ ያለፈውን ምርጫ አስታውሶ በዚያ ይጀምርለታል እንጂ አይፈርድበትም። መምህሩ ሲያስቀምጡ በአንዱ፣ ሲበደሩ በሌላው ይሠራሉ።

የእርዳታ መስኮቱ በራሱ ጊዜ መምጣቱን ተወ። በምትኩ የጆሮ ሥዕል ያለበት ቁልፍ አለ፤ ሲነኩት ገጹን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ያነባል፤ ድምፁም በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚሰማው። ሰው ዝም ሲል ሥርዓቱም ዝም ይላል። የጻፉት ቁጥር ቆጥረው እስኪጨርሱ ይጠብቃቸዋል።

ለሾፌሩ ፍጥነት የተሠራው መፍትሔ የሒሳብ ሠራተኛዋ ሐሳብ ነው። እርሷ ድሮ ደብተር ላይ ስትጽፍ መጠኑን በአኃዝም በፊደልም ትጽፍ ነበር። አሁን ስክሪኑ 3,000 ሲጻፍ ከሥሩ ወዲያውኑ «ሦስት ሺህ ብር» ይላል፤ ለማያነብ ደግሞ የመቶ ብር ኖቶች ሥዕል ተደርድሮ ይታያል። ሠላሳ ኖት ተደርድሮ ሲያይ ሾፌሩ ራሱ ይደነግጥና ያርማል። ካለፈም በኋላ የዕለቱ ሒሳብ እስኪዘጋ ድረስ «ተሳስቻለሁ» የሚል ቁልፍ አለ፤ ሠራተኛዋ አይታ ትመልሰዋለች። ይህ ቁልፍ ከገባ በኋላ የፍርሃቱ ብዛት እንዴት እንደቀነሰ ቢሮው ውስጥ የዋለ ሰው ሁሉ ያየዋል። ቁልፉን የሚነኩት ጥቂቶች ናቸው፤ መኖሩን ማወቃቸው ግን የሁሉንም ጣት አደፋፍሯል።

ቀይ ቀስቱ ጠፋ። ያለፈውን መጠን ማየት የሚፈልግ «ደብተሬ» የሚለውን ከፍቶ ያያል፤ ታብሌቶቹም ጀርባቸውን ለወረፋው እንዲሰጡ ጠረጴዛው ዞረ። ይህ የመጨረሻው አንድ ሳንቲም አልፈጀም፤ ግን ከማንኛውም የሶፍትዌር ለውጥ ያላነሰ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ። ቀኖች በሙሉ በወር ስም፣ ሰዓትም በእኛ አቆጣጠር ሆነ፤ «16:10» ይል የነበረው መልእክት «ከቀኑ 10:10» ይላል።

ውጤቱን በቁጥር ለክቶ ያስቀመጠ ሰው የለም፤ ስለዚህ በመቶኛ አላወራም። የማየው ይህን ነው፦ ሐሙስ ወረፋው በሩ ውስጥ ያልቃል፤ የምስጢር ቁጥሩን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው መስማት ብርቅ ሆኗል፤ በርበሬ ሻጯ እናት ለአዲስ አባል እያሳዩ «ይሄ አረንጓዴው ነው፣ አይንቀሳቀስም» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ያልተፈታው

የብድር ማመልከቻው አሁንም ከባድ ነው። አንድ በአንድ ሲቀርብ ይቀላል፤ ነገር ግን የወለዱ ስሌት ራሱ ለብዙ አባላት ግልጽ አይደለም፤ ያንን ደግሞ የገጽ አቀማመጥ አይፈታውም። ብድር ኮሚቴው ወለዱን «በወር ይህን ያህል ብር፣ እስከዚህ ወር» በሚል ቋንቋ እንዲያስቀምጥ ጠይቄያለሁ፤ ገና እየተነጋገሩበት ነው። የአፋን ኦሮሞው ድምፅም የጅማን አነጋገር በሚያውቅ ሰው እንደ አዲስ መቀረጽ አለበት፤ አሁን ያለው ከሌላ አካባቢ የመጣ ንባብ ስለሆነ አዛውንቶቹ ደጋግመው ያስነብቡታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የስልክ አፑ ነው። ቦርዱ ለእርሱ በሚፈርመው ውል ላይ ሦስት ነጥቦችን አስገብቷል። የማንኛውም ቁልፍ ቦታ የሚለወጠው አባላት በጠቅላላ ጉባኤ ከተነገራቸው በኋላ ብቻ ነው። የአባሉን ፊት ወይም ድምፅ ስሜት ለመገመት መጠቀም ክልክል ነው። ገጹ እንዴት ይቅረብ የሚለውን የሚወስነው አባሉ ነው፤ ምርጫውም ለብድር ውሳኔ መረጃ ሆኖ አያገለግልም። ሦስተኛውን ነጥብ ያስጨመረችው የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት፦ «አንድ በአንድ አሳየኝ ያለ ሁሉ የማይችል ሰው ነው ተብሎ እንዳይጻፍበት» ብላ። መሐንዲሱ ነጥቦቹን አንብቦ ፈርሟል፤ የሙከራ እትሙም የሚጀመረው ቡናው ተሸጦ አባላቱ ፋታ ሲያገኙ፣ ጥር ላይ እንዲሆን ተስማምተዋል።